ባዶውን ነበር የበየድነው

ሰኞ፣ 4

ይሄን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ናት። «እማዬ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ከምትለፈልፊ እዚህ ላይ ለፍልፊ። ደብተር ቢያንስ መልሶ አይሰድብሽም» አለችኝ። እሷ የጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ሲያቃስት የዋለ ሰው ስትሰማ ውላ ቤት ስትገባ የተዘጋ አፍ ነው የሚያምራት። እኔ ደሞ የተዘጋ አፍ አልተፈጠረልኝም። ይሁን ብዬ ተቀበልኩ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ፊደል ብስትም የማነበው ራሴው ነኝ።

ምንድነው የምለፈልፈው? ስለ ሜሞሪ። የኮምፒውተር ሜሞሪ። በዚህ ዕድሜዬ!

ሃያ ስድስት ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ቺፕ ስበይድ ኖሬያለሁ። አረንጓዴ ቦርድ ፊቴ፣ ወረንጦ በግራ እጄ፣ መበየጃ በቀኝ እጄ፣ አጉሊ መነፅር ግንባሬ ላይ። ጡረታ ስወጣ ፋብሪካው ጠቀም ያለ ገንዘብ ሰጠኝ። የልጄ ባል፣ አማቼ፣ ባንክ ነው የሚሠራው፤ «እማማ፣ ይሄ ገንዘብ ተኝቶ ከሚውል ሼር እንግዛበት» አለኝ። የምን ሼር? የአዲሱ ሜሞሪ ኩባንያ። የድሮው ሜሞሪ፣ እኔ ስበይደው የኖርኩት፣ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ሁሉ ይረሳል። አዲሱ መብራት ጠፋ አልጠፋ አይረሳም። በቃ፣ ልዩነቱ ይቺው ናት። በዚህች ነገር ግን ሰው ስልክ ውስጥ እየተበላላ ነው።

አማቼ ባለ ሼሮቹ በስልክ የሚከራከሩበት ግሩፕ ውስጥ አስገባኝ። ሃያ ሺህ ሰው አለበት። የድሮውን ሜሞሪ ሼር የያዙትን «ረሺዎች» እንላቸዋለን፣ እነሱ እኛን «ሕልመኞች» ይሉናል። እንደ ጣውንት ነው የምንተያየው። መጻፍ ስለሚያታክተኝ እኔ በድምፅ ነው የምናገረው። መጀመሪያ ቀን አንዱ «ይሄ አዲስ የምትሉት ነገር የላብራቶሪ አሻንጉሊት ነው» ሲል ጊዜ ደሜ ፈላ። «አንተ ልጅ፣ ቺፕ በእጅህ ነክተህ ታውቃለህ ወይስ እንደ ጨረቃ ፎቶውን ነው ያየኸው?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስሜ «እማማ ብየዳ» ሆነ።

ልጄ «አሳፈርሽኝ» ትላለች። አማቼ «ኮራሁብዎ» ይላል። እንግዲህ መምረጥ ነው።

ረቡዕ፣ 6

ዛሬ ያ ቀዝቃዛው መጣ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ሲሰድቡት አይሞቀው አይበርደው። ግሩፑ ተጋግሎ ሰው ሁሉ ሲንጫጫ እሱ ቀስ ብሎ ይጽፋል። አማቼ ጮክ ብሎ አነበበልኝ።

«አንድ ነገር ግልጽ አድርጉልኝ። አዲሶቹ ቺፖች ፕሮግራም ተጭኖባቸው ነው ለቦርድ ፋብሪካዎች የሚላኩት። ሲበየዱ ሙቀቱ የተጫነባቸውን ያጠፋዋል ሲባል ሰምቻለሁ። በእጁ የበየደ ሰው ካለ ይንገረኝ።»

በእጁ የበየደ ሰው! ግሩፑ በሙሉ ወደኔ ዞረ። «እማማ ብየዳ የታሉ?» «እማማ ይምጡ፣ ልክ ልኩን ይንገሩት!» ድንች እየላጥኩ ነበር። ቢላውን አስቀምጬ፣ እጄን ጠርጌ፣ የስልኬን የድምፅ ቁልፍ ተጫንኩ።

«ስማ የኔ ልጅ። ሃያ ስድስት ዓመት በይጃለሁ። በቀን ሦስት መቶ ቺፕ። በሙቀት የተበላሸብኝ ቢኖር አለቃዬ ከደሞዜ ይቆርጥ ነበር። አንድ ቀን ቆርጦ አያውቅም። ሜሞሪ ሙቀት አይፈራም። ሙቀት የሚፈራ ቅቤ ነው!»

አማቼ ወጥ ቤቱ ውስጥ እንደ ሕፃን ዘለለ። የግሩፑ አለቃ ድምፄን ከላይ ሰቀለው፤ አሁን ማንም ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው እኔን ነው።

ሐሙስ፣ 7

ለድምፄ ስምንት መቶ ልብ ተላከልኝ። ቀይ ልብ! ባሌ ነፍሱን ይማረውና በሠላሳ ዓመት ትዳር አንድ አልሰጠኝም።

እሁድ፣ 10

እህቴ ምሳ መጣች። ታናሼ ናት፣ ልብስ ሰፊ። ከመድኃኒት ቤቱ ጎን ያለችው ጠባብ ክፍል የሷ ናት። ሁለቱም ዐይኗ ላይ ሞራ ወጥቶባታል። ሐኪሙ «በኦፕሬሽን ይነሳል፣ ቀላል ነው» ብሏት ሦስት ዓመት ስታጠራቅም ቆየች። በዚህ ወር በ20 ነበር ቀጠሮዋ።

ስትገባ በሩን በመዳፏ ዳሰሰችው። እንዳላየሁ ሆንኩ። ዳሰስሽ ብላት ትቆጣለች።

«ለኦፕሬሽኑ ማን ነው አብሮሽ የሚሄደው?» አልኳት።

«ቀጠሮውን ገፋሁት እኮ እቴቴ። ሥራ በዛብኝ።»

«ዐይን የሌለው ሰው ምን ሥራ ይበዛበታል?»

«አንቺ ደሞ! ሙቀት የሚፈራ ቅቤ ነው» አለችና ከት ብላ ሳቀች። ድምፄን አስመስላ፣ ትንፋሼን ሳይቀር።

«የት ሰማሽው?»

«አማችሽ አሰማኝ።»

አማቼ ውሃ ላምጣ ብሎ ተነሳ። ውሃው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ይሄ ልጅ ሰሞኑን ሐሳቡ አይሰበሰብም፤ ባንኩ ነው የሚያደክመው።

ሐሙስ፣ 14

ዋጋው ጨመረ። አማቼ እያፏጨ ወደ ሥራ ሄደ። ግሩፑ ውስጥ «ክር» የሚባል አንድ ሰው በተናገርኩ ቁጥር አበባ ይልክልኛል። ቃል አይጽፍም፣ አበባ ብቻ። ጨዋ ሰው ይመስላል። ሚስቱ የሞተችበት ሳይሆን አይቀርም።

ልጄን ስነግራት «እንግዲህ ልትዳሪ ነው» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ 19

አትክልት ተራ ባለ ጓንቷን አገኘኋት። ፋብሪካ አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። ጓንቷን ምሳ ሰዓት እንኳን አታወልቅም፤ ስሟም ከዚያ ነው የመጣው። እሷ እስካሁን እዚያው ናት። ዛሬ በእጅ መበየድ ቀርቷል አለችኝ፤ ቦርዱ ቺፑን ተሸክሞ ረጅም ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ በወዲያ በኩል ተበይዶ ይወጣል።

«አዲሱ ሜሞሪ እናንተ ጋ ነው የሚበየደው አሉ?» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። «ሼር አለኝ እኮ!»

ሳቀች። ሳቋ ደስ አላለኝም።

«ካርቶን ካርቶኑ እየተመለሰ ነው እናቴ። ምድጃው ውስጥ ሲገባ የተጫነበትን ሁሉ ያውቃል፣ ሲወጣ አንድም አያውቅም። ቺፑ አልሞተም፣ ደህና ነው። ግን ባዶ!»

«ምድጃችሁ ነዋ የተበላሸው! እኛ ስንት ዓመት ስንበይድ...»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኛ እኮ ባዶውን ነበር የበየድነው። የድሮው ሜሞሪ እኛ ጋ ሲመጣ ውስጡ ምን ነበረው? ምንም። ምን ሊጠፋበት?»

ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ስሜን አደራ። ከሥራ ያባርሩኛል» አለች።

ድንች ገዝቼ ገባሁ። ጉልበቴን እያመመኝ ነው። አየሩ ነው መሰለኝ። አንዲት ሴትዮ ድንች ተራ ቆማ ስለተናገረች ሰው ሐሳቡን አይለውጥም። ባለ ጓንቷ ደሞ ድሮም ነገር ማጋነን ትወዳለች። አንድ ጊዜ ጣቴን ተቃጠልኩ ብላ ሦስት ቀን ቤቷ ተኝታለች።

ድንቹ ግማሹ የበሰበሰ ነው።

ረቡዕ፣ 20

እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጎረቤት ውሻ ሲጮህ አደረ።

ልጄ ደሞ «ጎረቤት ውሻ የላቸውም» ትለኛለች። ታዲያ የማን ውሻ ነው?

ዓርብ፣ 22

ቀዝቃዛው ለብቻዬ ጻፈልኝ። አማቼ ሥራ ሄዷል፤ ራሴው ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሻይ ጥጄ እስኪፈላ ፈጀብኝ።

«እናቴ፣ ለብቻዎ ስለጻፍኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ የበየዷቸው ቺፖች የተጫነባቸው ነገር ነበር ወይስ ባዶ ነበሩ? ለክርክር ብዬ አይደለም የጠየቅኩት።»

አልመለስኩለትም። ምን ልበለው?

ከሰዓት በኋላ ግሩፑ ውስጥ አንዱ «ቀዝቃዛውስ ዛሬ የት ገባ? እማማን ፈራ መሰል» አለ። ዝም ብል ምን ነበረበት? «እናቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው መሰለኝ የወለደችው፣ እዚያው ገብቶ ይሆናል!» አልኩ። ስድስት መቶ ሰው ሳቀ።



እናቱን አላውቃት። ምን አድርጋኝ ነው የነካኋት? ልጅ እያለሁ እናቴን የነካብኝ ሰው ላይ ድንጋይ አንስቼ አውቃለሁ። ዛሬ በዚህ ሽበቴ... ተዪው በቃ። አበባውም መጣ፣ ከክር። ዛሬ አላስደሰተኝም።

ማክሰኞ፣ 26



ጉርድ ቀሚሴን ላሳጥር እህቴ ጋ ሄድኩ። የመድኃኒት ቤቷ ሴት ኮት ይዛ ቆማለች። ለብሳ አሳየችን። እህቴ የቀኙን እጅጌ በግራ፣ የግራውን በቀኝ ገጥማዋለች። ሴትዮዋ ክርኗ ወደ ኋላ እንደዞረ ሰው ቆማ፣ ጨዋ ናት፣ «አይ፣ ትንሽ ያዘኝ መሰለኝ» ትላለች።

እህቴ ሳቀች። «ወደ ኋላ ለመሄድ ይመችሻል ብዬ ነው!» አለቻት። ሴትዮዋም ስቃ ኮቱን ትታ ወጣች። በሩ ሲዘጋ የእህቴ ሳቅ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፣ የሚያወርደው የጠፋው ይመስል። አርባ ዓመት እጅጌ ስትገጥም የኖረች ሰው።

«ነገውኑ ሐኪም ቤት ደውይና ቀጠሮ ያዢ» አልኳት።

«ትንሽ ይቆይ።»

«እስኪ ምን ይሁን? ሱሪ ላይ አንገትጌ እስክትሰፊ?»

«ትንሽ እስኪያድግ ነው።»

«ምኑ?»

መቀሷን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። «እቴቴ፣ እንዳትቆጪኝ። አማችሽንም እንዳትቆጪው፣ ያስማልኩት እኔ ነኝ። ያጠራቀምኩት ለአንድ ዐይን ይበቃል፣ ለሁለቱ አይበቃም። በአንድ ዐይን ደሞ መርፌ ውስጥ ክር አይገባም። ለሁለቱም እስኪሞላ ብዬ እናንተ የገዛችሁትን ገዛሁ።»

ወንበሩን ፈልጌ ተቀመጥኩ፤ ለካ የተቀመጥኩት ኮቱ ላይ ነው።

«ማን ግዢ አለሽ?»

«አንቺ ነሻ! ሌላ ሰው ቢሆን አምን ነበር? ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው የምሰፋው። ዐይኔ ቢደክም ጆሮዬ ደህና ነው። ስትናገሪ የድሮው ሰፈራችን ደጃፍ ላይ ቆመሽ ሰው ስታንቀጠቅጪ ነው የሚመስለኝ። አበባውን የምልክልሽ እኔ ነኝ። አማችሽ ነው ስሙን ያወጣልኝ፤ ክር።»

ሚስቱ የሞተችበት አልኩ። አይ እኔ!

አልነገርኳትም። ባለ ጓንቷ ያለችኝን አልነገርኳትም። ቀሚሴን ይዤ ወጣሁ፣ ሳላሳጥረው።

ረቡዕ፣ 27

አማቼን ከሥራ ሲመጣ ደጅ ላይ ጠበቅኩት። የእህቴን ማወቄን ነገርኩት፣ ግን አልተቆጣሁትም፤ በየትኛው አፌ? ቀጥዬ ባለ ጓንቷ ያለችኝን ነገርኩት፣ ስሟን ትቼ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለማን ነገሩ?»

«ላንተ።»

«ጥሩ። ለማንም አይናገሩ እማማ፣ እኔ እርስዎን አከብራለሁ፣ ግን ይሄን አንድ ነገር ይስሙኝ። ሰኞ ገበያው ሲከፈት መጀመሪያ የእህትዎን እሸጣለሁ። ቀጥሎ የርስዎን። ቀጥሎ የኔን። ከዚያ በኋላ ግሩፑ ውስጥ የፈለጉትን ይበሉ።»

«ያንተ ብዙ ነው እንዴ?»

መሬት መሬት አየ። ልጄ የምታውቀው ግማሹን ነው ለካ። «ሰኞ ከሸጥኩ ሳታውቅ ያልፋል» አለኝ።

ልክ ነው ብዬ አሰብኩ። የራስን ቤት ማዳን ምን ክፋት አለው? እሺ አልኩት። ለደብተር ምን እዋሻለሁ፤ እሺ አልኩት።

ሐሙስ፣ 28

ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። የበየድኩት ባዶውን እንደነበረ፣ ቀዝቃዛው ለብቻዬ እንደጠየቀኝ፣ እኔ ዐይኔን በጨው አጥቤ እናቱን እንደሰደብኩ። ጣቷ የጨርቁን ጠርዝ እየዳሰሰ ሰማችኝ። እንደምታለቅስ ነበር የጠበቅኩት።

«እና ሰኞ ይሸጥልሻል» አልኳት። «አማቼ ሁሉን ያውቅበታል። ገንዘብሽ ሳይጎድል ይወጣል።»

«ማን ይገዛዋል?»

«ምን አውቄ። አንዱ።»

«አንዱ ማን?»

«ኧረ ሰው አይጠፋም! ግሩፑ ውስጥ ስንቱ አለ የሚገዛ።»

«ያንቺን ድምፅ ሰምቶ?»

የወደቀ ክር ከመሬት መልቀም ጀመርኩ።

«እቴቴ፣» አለችኝ፣ «እኔ የተቀደደ ልብስ ቀዳዳውን ደብቄ ሸጬ አላውቅም። መጀመሪያ ንገሪያቸው፤ ከዚያ እንሸጣለን።»

«ዐይንሽስ አንቺ እብድ? ከነገርኳቸው ዋጋው ይወርዳል እኮ!»

«የሚገዛኝ ሰውዬስ ዐይን የለውም?»

ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ጮህኩባት። ግትር አልኳት፣ ደደብ አልኳት፣ እናታችን እንኳን ታውቅሻለች አልኳት። እሷ መኪናዋን እየረገጠች መስፋት ጀመረች። ጮኼ ጮኼ ሲደክመኝ፣ «ጨረስሽ?» አለችኝ። «ድምፅሽ እንዳይዘጋ፤ ነገ ያስፈልግሻል።»

ዓርብ፣ 29

አሥራ አንድ ጊዜ ቀድቼ አሥራ አንድ ጊዜ አጠፋሁት። አንዱ ላይ አለቀስኩ። አንዱ ላይ ቀልድ ጨመርኩ፣ እሱ ይባስ አስጠላኝ። አሥራ ሁለተኛውን ላክሁት። እንዲህ ነው ያልኩት፦

«እማማ ብየዳ ነኝ። ከላይ የተሰቀለውን ድምፄን አውርዱት። ሃያ ስድስት ዓመት በይጃለሁ ያልኩት እውነት ነው። ግን የበየድኩት ሁሉ የድሮው ነበር፣ የድሮው ደሞ ሲበየድ ባዶ ነው፤ የሚጠፋበት ነገር የለውም። አዲሱን አንድ ቀን በእጄ ነክቼ አላውቅም። ሳልነካ ነው የመሰከርኩላችሁ። ሙቀት የተጫነበትን ያጠፋበት አያጠፋበት እንደሆን እኔ ልመሰክር አልችልም። ቀዝቃዛው የጠየቀው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ የሰደብኩት መልስ ስላጣሁ ነው። እኔን አምናችሁ የገዛችሁ፣ ኩባንያውን ጠይቁ። እኔን አትስሙ።»

የባለ ጓንቷን ነገር አላነሳሁም። እንጀራዋ ነው። የራሴን ምስክርነት ግን የማንሳት መብት አለኝ፤ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ከሰዓት

ስድቡ መጣ።

«የተገዛች አሮጊት።» «ረሺዎቹ ስንት ከፈሉሽ?» «ጃጅታለች፣ ስልኩን ቀሟት።» «ድሮም ብየዳ ሳይሆን ወሬ ነው የምታውቀው።» «ሸጣ ጨርሳ ነው አሁን የምትናገረው።» የባሱም አሉ፤ ደብተሩን አላቆሽሽበትም። ትናንት «እናታችን» ሲሉኝ የነበሩት ናቸው። ያቺን «ይምጡ፣ ልክ ልኩን ይንገሩት» ያለችኝን አየኋት፤ ሁለት ጊዜ ነው የሰደበችኝ፣ አንዱ ያልደረሰኝ መስሏት ይሆናል።

አንድ አበባ መጣ።

ከዚያ የግሩፑ አለቃ አስወጣኝ። ድምፄንም አጠፋው፣ የመጨረሻውን። ሙቀት የሚፈራ ቅቤ ነው ያልኩት እዚያው እንደተሰቀለ ነው አሉ።

ማክሰኞ፣ 3

ትናንት ተሸጠ፣ የሁላችንም። ያቺ ድምፅ ከመጥፋቷ በፊት ሰው ቀድቶ በየግሩፑ አዳርሷት ዋጋው ወርዷል። አማቼ አያናግረኝም። እራት ላይ ጨው ሲፈልግ «እናትሽ ጨው ታቀብለኝ» ይላል ለልጄ። ጨው እኮ ፊቱ ነው ያለው።

ልጄ የቀረውን ግማሽ አወቀች። አልጮኸችበትም። ልብሱን ታጥባለች፣ ታጥፋለች፣ ዝም ብላ ታስቀምጣለች። እኔ ብሆን ጮኼ ይወጣልኝ ነበር። ዝም የምትለው ነገር ነው የሚያስፈራኝ። ያንን ልጅ እኔ አሳብጄዋለሁ። እሱ ሼር ገዛ፣ አሟሟቂዋ ግን እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ 11

ኩባንያው ራሱ አወጣው። «በብየዳ ወቅት አንዳንድ ምርቶች ላይ የታየውን ችግር እያጠናን ነው» ይላል። ዋጋው ተፈጠፈጠ። እኛ የሸጥንበት ዋጋ ዛሬ ሲታይ ሠርግ ነው።

ልጄ ማስታወቂያውን ጮክ ብላ ለባሏ አነበበችለት። አንብባ ስትጨርስ ወደኔ ዞረችና፣ «እማዬ፣ አንቺን ያልሰማ ዛሬ ምን ይውጠው?» አለች። እሱ አንገቱን ደፋ።

ቀዝቃዛው ጻፈልኝ። «እናቴ፣ አመሰግናለሁ። እኔም ያለኝ ሼር የአዲሱ ነው። ስለምወደው ነው የጠየቅኩት። የራስን ወገን መጠየቅ ጠላትነት ይመስላቸዋል። ድምፅዎን ሰምቼ ግማሹን አተረፍኩ።»

ለካ የኛው ሰው ነበር! አንድ ሰዓት ሙሉ ፊደል ፈልጌ በገዛ ጣቴ መለስኩለት። «እናትህን ይቅርታ በልልኝ።»

ወዲያው መጣ መልሱ። «ቀልዱንም ይቅርታውንም አሰማኋት። እንዲያውም ስቃለች። ‹ፍሪጅ ያልነበረን ድሆች ነን፣ ባይሆን ጥላ ሥር በይ› በላት ብላለች።»

ሰኞ፣ 16

እራት ላይ አማቼ ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ ጨው ያቀብሉኝ» አለኝ።

ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር። አቀበልኩት። እሱም ጨመረበት። በላው።

ሐሙስ፣ 19

የእህቴ ገንዘብ ለአንድ ዐይንም ጎደለ። የጎደለውን ከኔ ሞላሁበት። አልቀበልም ብላ ተግደረደረች። «ድምፄን ተቀብለሽ ገንዘቤን አትቀበይም?» ስላት እጇን ዘረጋች።

ሐኪሙ ጋ አብሬያት ገባሁ። «ለጊዜው አንዱን ከሆነ፣ የትኛውን እናስቀድም?» አለ።

«እቺ ሴትዮ በቀኜ ነው ሁልጊዜ የምትቀመጠው» አለችው። «ግራውን አድርግልኝ። ቀኙ እንዳያያት ይረፍ።»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ነው አፍንጫዬን የተናፈጥኩት። ሁለቱም ዐይን ነበር የምትፈልገው። በአንድ ዐይን መርፌ ውስጥ ክር አይገባም ብላኝ ነበር። አፌን ይዤ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አንዱን አሠርታ ለሌላው ማጠራቀም ጀምራ ነበር። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ እኔው ነኝ የምለው፣ በየቀኑ።

ረቡዕ፣ 25

ትናንት ተሠራላት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ዓመት ያጠራቀመችለት ነገር፣ ድንች ቢጣድ አይበስልም።

ዛሬ ጠዋት ነርሷ ፋሻውን ፈታችው። እህቴ ጣሪያውን አየች፣ መስኮቱን አየች፣ ከዚያ እኔን። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«እቴቴ፣ መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

«አንቺ ሳታዪኝ።»

«ሹራብሽ ታጥቦ አያውቅም እንዴ? ክርኑ ላይ እድፍ አለው።»

«ነርስ፣ ፋሻውን መልሺው» አልኩ።

ነርሷ ስትወጣ እህቴ ስልኳን አወጣች። ግሩፑ ውስጥ እስካሁን አለች፤ ክርን ማን ያስወጣታል፣ ተናግራ አታውቅ። እኔን ያስወጡኝ ቀን ላይ እስክትደርስ ወደ ላይ ገፋችው። ያኔ አንድም ቃል ማንበብ አትችልም ነበር፤ አበባውን ስትልክ ምን እንደሚሉኝ እንኳን ሳታውቅ ነው።

«ተዪው» አልኳት።

«ዝም በይ፣ ዐይኔን እየሞከርኩ ነው።»

ግራ ዐይኗን ወደ ስልኩ አስጠግታ፣ ጣቷን ከፊደሉ በታች እየነዳች ማንበብ ጀመረች። እንደ ተማሪ። «የተ... ገዛች... አሮጊት። አሮጊቱ እንኳን እውነት ነው። ረሺዎቹ ስንት... ከፈሉሽ። ስንት ከፈሉሽ እቴቴ? ድርሻዬን ስጪኝ!» ሳቀች። እኔም ሳቄ መጣ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ። ከጎን አልጋ ያለችው ሴትዮም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራን ሳቀች። እህቴ አንብባ አንብባ ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸው ነው። አለቀ» አለች።

አላለቀም። የባሱትን ሦስቱን ዘላቸዋለች። እኔ በቃሌ ነው የማውቃቸው፣ ከነተራቸው።

«ዐይንሽ በደንብ ያያል» አልኳት።